ኔድ ስታርክ ወህኒ አምባን ቢያውቅ ኖሮ

«ጌም ኦፍ ትሮንስ» የሚባለውን የቴሌቪዥን ተከታታይ መጀመሪያ ያየሁት አንድ ክፍል ጎድሎት ነው። እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ ፊልም ከሚጭኑት ሱቆች ወደ አንዱ ገብቼ ፍላሼን ሰጠሁ። ልጁ የመጀመሪያውን ሲዝን ጫነልኝ፣ አሥር ክፍል ነው ብሎ ቆጥሮ አሳየኝ፣ ከፍዬ ወጣሁ። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ የለም። ስምንተኛው ክፍል አልቆ፣ ልቤ እንደተንጠለጠለ ዘጠነኛውን ስነካው አልከፈት አለ። «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይላል። ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁ፣ ፍላሹን ነቅዬ እፍ አልኩበት (ሁላችሁም ታደርጉታላችሁ፣ አትዋሹ)፣ ደግሜ ሰካሁት። ወይ ፍንክች! ሱቁ ደግሞ በዚያ ሰዓት ተዘግቷል። ትዕግሥት የሚባል ነገር ስላልፈጠረብኝ ዘልዬ አሥረኛውን ከፈትኩ።

አሥረኛው ሲጀምር ኔድ ስታርክ ሞቷል። ልጁ ሮብ ጫካ ውስጥ ዛፍ በሰይፍ እየደበደበ ያለቅሳል፣ እናቱ ታጽናናዋለች። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያ ክፉ ልጅ ጆፍሪ ሳንሳን ግንብ ላይ አውጥቶ የተሰካ የአባቷን ጭንቅላት ያሳያታል። እኔ አላመንኩም። ዋናው ሰው እኮ ነው! ፖስተሩ ላይ ዙፋኑ ላይ የተቀመጠው እሱ ነው። ጭንቅላቱ የሰም ነው፣ ሰውዬውን አንድ ቦታ ደብቀውታል፣ ሁለተኛው ሲዝን ላይ ይወጣል ብዬ ደመደምኩ። ዘጠነኛውን ክፍል እስካገኝ ሁለት ሳምንት አለፈ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ለእኔ ኔድ በሕይወት ነበር። ጃን ተከል ዋርካው ጋ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ሥራ ቦታ ተቀምጬ፣ ማታ ራት ስበላ፣ ሰውዬው እንዴት እንዳመለጠና አምልጦ ምን እንዳደረገ በሆዴ ስደርስ ነበር የምውለው።

ያ አመል እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ባለፈው እሁድ ደግሞ ከቤት ሰው ጋር ጭቅጭቅ ውስጥ ከተተኝ፣ እሱን ነው የምጽፍላችሁ። ተከታታዩን ያላየ ካለ እዚህ ጋ ያቁም። በ2019 ያለቀ ነገር ስለሆነ ግን ብዙም አላዝንላችሁም።

ለረሳችሁት በአጭሩ። ንጉሥ ሮበርት የልጅነት ጓደኛውን ኔድን ከሰሜን፣ ከዊንተርፌል አምጥቶ «የንጉሡ እጅ» አድርጎ ይሾመዋል። (እነሱ ከንጉሡ ቀጥሎ ያለውን ሹም እጅ ይሉታል፣ እኛ ራስ እንል ነበር። የትኛው እንደሚሻል እንጃ፣ ሁለቱም ይቆረጣሉ።) ኔድ ዋና ከተማ ገብቶ ነገር ሲመረምር የንግሥት ሰርሴ ሦስት ልጆች፣ ጆፍሪ፣ ሚርሴላና ቶመን፣ የሮበርት ሳይሆኑ የገዛ መንትያ ወንድሟ የጄሚ ልጆች እንደሆኑ ይደርስበታል። ስለዚህ ወራሹ ጆፍሪ አይደለም፤ የንጉሡ ወንድም ስታኒስ ነው። ኔድ ታዲያ ይሄን ምሥጢር ይዞ የት ሄደ? ራሷ ንግሥቲቱ ጋ! ሮበርት ከአደን ሳይመለስ ልጆችሽን ይዘሽ ጥፊ አላት። እሷ አልጠፋችም። ሮበርት ከአደን የተመለሰው ከርከሮ ሆዱን ቀዶት ነው፣ ሞተ፣ ኔድ ታሰረ። ቀጥሎ የሆነው ያ አልከፈትም ያለኝ ክፍል ውስጥ ነው።

ታናሽ ወንድሜ በዚህ ጉዳይ አቋሙ አንድ ነው። ኔድ ሞኝ ነው፣ አለቀ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል» አለኝ እሁድ ዕለት፣ ቡናው እየተቆላ። «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ሞኝም ነው፣ ወረቀትም ይዟል።»

ወረቀት ያለው የሮበርትን ኑዛዜ ነው። ንጉሡ አልጋው ላይ ሆኖ ሲናዘዝ፣ ልጄ ጆፍሪ እስኪያድግ ኔድ ይጠብቅልኝ ብሎ ሲያስጽፍ፣ ኔድ «ልጄ ጆፍሪ» የሚለውን ትቶ ወራሼ የሚል ቃል ይጽፋል። ያቺን አንድ ቃል ይዞ ዙፋኑ ፊት ቀረበ። ሰርሴ ወረቀቱን ተቀብላ ቀደደችው። በቃ። ወንድሜ እዚህ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ በእጁ የመቅደድ ምልክት ያሳያል፣ ቻርርር ብሎ ድምፁንም ይጨምርበታል።

እኔ ግን ነገሩ የተበላሸው ለሰርሴ የነገራት ዕለት ነው ብዬ አላምንም። ብዙ ሰው እዚያ ጋ ነው የሚያቆመው። ከዚያ በኋላ እኮ ሌላ በር ተከፍቶለት ነበር፣ ያውም ወለል ብሎ። ሮበርት እያጣጣረ ባለበት ሌሊት ታናሽ ወንድሙ ሬንሊ ኔድን ጥግ ይዞ ያናግረዋል። አንድ ሰዓት ስጠኝና መቶ ሰይፍ አመጣልሃለሁ፣ አሁን በሌሊት፣ ግቢው ተኝቶ ሳለ ጆፍሪን ከእናቱ እንለይ፣ ንጉሡን የያዘ መንግሥቱን ያዘ ነው ነገሩ። ኔድ እምቢ አለ። ሮበርት ገና እየተነፈሰ በቤቱ ደም አላፈስም፣ የተኙ ሕፃናትንም ከአልጋቸው አልጎትትም አለ። ሬንሊም ሰዎቹን ይዞ በዚያው ከከተማ ወጣ።

እንግዲህ የእኔ ጨዋታ እዚህ ጋ ይጀምራል። ኔድ እሺ ይበል። አንድ ቃል ነው፣ ሌላ ምንም አንቀይርም።

ሌሊቱን ሦስቱም ልጆች ከነእናታቸው ኔድ እጅ ይገባሉ። የቤተ መንግሥቱ ሴረኛ ሊትልፊንገር የከተማውን ዘበኞች ለማን እንደሚሸጥ እንኳ ሳያስብ ይነጋል፤ እሱ ደግሞ ያሸነፈን መሽተት ይችልበታልና ጠዋት የመጀመሪያውን እንኳን ደስ ያለህ ይዞ የሚመጣው እሱ ነው። የሰርሴ አባት ታይዊን ጦሩን ይዞ የወንዞቹን አገር እያቃጠለ ነው፣ ሴት ልጁና ሦስት የልጅ ልጆቹ ተይዘው ግን እርምጃ መራመድ አይችልም። ቁጭ ብሎ ደብዳቤ ይጽፋል። ሮብ አባቱ ስላልታሰረ ጦር አያስከትትም። ጦር ካላስከተተ ወንዝ ለመሻገር የድልድዩን ጌታ የዋልደር ፍሬይን ልጅ አገባለሁ ብሎ አይምልም። ካልማለ አያፈርስም። ሮብና እናቱ የተገደሉበት ያ ሠርግ የለም ማለት ነው! ይሄን ሳስብ በእውነት እፎይ እላለሁ። ያን ሠርግ ካየሁ ወዲህ የሰው ሠርግ ላይ ሙዚቃው ድንገት ሲቀየር ዓይኔ በሩ ላይ ነው፣ ማን እንደሚዘጋው አያለሁ።

ኔድ ቤት ያደገው ቲዎን ወደ አባቱ አይላክም፣ ዊንተርፌል አይያዝም፣ ትንንሾቹ የኔድ ልጆች ብራንና ሪከን ሜዳ ላይ አይበተኑም። ሳንሳ ያን ሁሉ ዱላ አትቀምስም። እስካሁን ጥሩ ነው።

ግን ሬንሊ መቶ ሰይፍ ያመጣው ለጽድቅ አልነበረም። ኔድ በማግሥቱ ዙፋኑ የስታኒስ ነው ማለቱ አይቀርም፤ ሕጉ የሚለው ያንን ነው፣ እሱ ደግሞ ከሕግ ፍንክች አይልም። ሬንሊ ስታኒስን አይወድም፣ ማንም ስታኒስን አይወድም፣ ራሱ ስታኒስም ስታኒስን የሚወድ አይመስለኝም። ሬንሊ ራሱ መንገሥ ነው የሚፈልገው። እና በዚያ ጠዋት ግቢው ውስጥ የቆሙት መቶ ሰዎች የማን ናቸው? የኔድ አይደሉም። ማታ ልጆቹን ያስያዙት ሰይፎች ጠዋት ኔድ ላይ ቢዞሩ ማን ይከለክላቸዋል? ሦስት ቀን፣ ቢበዛ አንድ ሳምንት እሰጠዋለሁ።

እሺ፣ ይሄንንም ይለፈው እንበል። ስታኒስ ነገሠ፣ ኔድ ከጎኑ ሆነ፣ አገር ተረጋጋ። አሁን ደግሞ ሌላ መዘዝ። ትንሿ የኔድ ሴት ልጅ አርያ አባቷ ካልሞተ ከከተማ አትሸሽም። ቀን ቀን ከመምህሯ ጋር ድመት እያባረረች ሰይፍ ትማራለች፣ ማታ ከሳንሳ ጋር ትጣላለች። ፊት ቀያሪውን ጃከንን አታገኝም፣ ባሕር ተሻግራ ብራቮስ አትገባም፣ ፊት መቀየርም ሆነ ጨለማ ውስጥ መዋጋት አትማርም። በስምንተኛው ሲዝን፣ ያ ሁሉ ጀግና አቅቶት፣ የሙታኑን ንጉሥ ዘልላ የወጋችው ማን ነበረች? ስለዚህ በእኔ ስሌት ኔድ ከተረፈ የሰው ዘር በሙሉ ያልቃል።

ወንድሜ ሳቀ። ከዚያ ትንሽ አሰበና «እንዲያውም» አለ፣ «ስታኒስም ሙታኑን የሚያግደው የሰሜኑ ግንብ ጋ አይሄድም። የሄደው ተሸንፎ የሚገባበት ስላጣ ነው። የነገሠ ሰው ምን ሊያደርግ በረዶ ውስጥ ይገባል?»

እውነቱን ነው። እንዲህ ነው እኛ ቤት የሚጨዋወተው፣ አንዱን ክር ስትመዝ ነጠላው ሁሉ ይፈታል። ይሄን ጊዜ ነው ጋሼ የገቡበት።

ጋሼ ጎረቤታችን ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቡና እኛ ቤት ነው የሚጠጡት። ተከታታዩን አይተውት አያውቁም፤ እኛ ስንጨቃጨቅ ግን ዝም ብለው ያዳምጣሉ፣ አንዳንዴም የተኙ ይመስለኛል። አልተኙም ለካ። ቶናው እየተቀዳ ሲኒያቸውን ሳያነሱ ጠየቁኝ።

«ልጆቹን ወይ መግደል ወይ ማባረር ብቻ ነው እንዴ ያለው? ወህኒ የላቸውም?»

እኔና ወንድሜ ተያየን። እውነትም! ጎንደር ተወልደን፣ ከፋሲል ግቢ አጥር ሥር ኳስ ተጫውተን አድገን፣ ስንት ዓመት ስለዚህ ፊልም ስንጨቃጨቅ ይቺ ነገር አንድም ቀን አልመጣችልንም። አያቶቻችን ለዚሁ ለአንድ ጥያቄ መልስ ነበራቸው እኮ። የዙፋን ተቀናቃኝ የሆነ ሕፃን ምን ይደረጋል? አምባ ላይ ይወጣል። መጀመሪያ ግሸን አምባ ነበር፤ ከ1632 እስከ 1667 የነገሡት አፄ ፋሲል ደግሞ ወህኒ አምባን አበጁ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዙሪያው ገደል የሆነ ጉብታ ነው። አንዱ ሲነግሥ ወንድሞቹ፣ የአጎቱ ልጆች፣ የወንድሞቹ ልጆች ወደዚያ ይወጣሉ። አይገደሉም፣ ግን አይወርዱም። ዛሬ እስር ቤትን ወህኒ ቤት የምንለው ከዚያ አምባ የመጣ ነው ይባላል።

ወዲያው ልቤ ሞቀ። ይኸው ሦስተኛው መንገድ! ኔድ ሬንሊን እሺ ይለዋል፣ ልጆቹን ይይዛል፣ ማንም ሳይሞት ሳይሰደድ ወደ አንድ አምባ ይልካቸዋል። አምባ ደግሞ ሞልቷቸዋል። የኔድ ሚስት እህት የምትገዛው ኤሪ እንኳ ሰማይ ላይ የተንጠለጠለ ግንብ ነው፣ እስር ቤቱ አንድ ጎኑ ግድግዳ የለውም፣ ተኝቶ የተገላበጠ እስረኛ ገደል ይገባል። (ሴትየዋ ጤነኛ ስላልሆነች እሷ ጋ ሕፃን አይላክም እንጂ።) ወንዶቹን ደግሞ ጥቁር አልብሶ ሰሜን ግንቡ ላይ ዘብ ማድረግ ይቻላል፤ እዚያ የገባ ሰው አይወርስም፣ አይነግሥም፣ አይወልድም። ወንድሜን በድል አየሁት።

ጋሼ ግን አልጨረሱም ነበር። «ቆይ» አሉኝ፣ «ወህኒ መልስ ነው አላልኩም። አላቸው ወይ ብዬ ነው የጠየቅኩት።» ከዚያ ስለ 1769 አወሩን። ታሪኩን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ግን እንደዚያ ቀን ሰምቼው አላውቅም።

እቴጌ ምንትዋብ ለልጃቸው ሞግዚት ሆነው፣ ቀጥሎም ለልጅ ልጃቸው ለኢዮአስ፣ ብዙ ዘመን ይህችን ከተማ ገዝተዋል። ቁስቋም ሄዳችሁ የግንባቸውን ፍርስራሽ ያያችሁ ታውቃላችሁ። በኢዮአስ ጊዜ የእቴጌይቱ የቋራ ዘመዶችና የንጉሡ እናት የውቢት ዘመዶች ግቢውን ለሁለት ተካፍለው ደም ሊፋሰሱ ደረሱ። የሚያስታርቅ ይምጣ ተባለ። ከትግራይ ራስ ሚካኤል ስሑል ተጠሩ። ሠራዊታቸውን ይዘው መጡ። ለማስታረቅ መጡ፣ ግን አልተመለሱም። በ1769 ንጉሡ ኢዮአስ በእሳቸው ትእዛዝ ተገደሉ፣ በሻሽ ታንቀው ነው ይባላል።

«ከዚያስ ንጉሥ ከየት መጣ?» ብለው ጋሼ እኛን ጠየቁን፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንዳለን።

ወንድሜ ቀደመኝ። «ከወህኒ።»

ከወህኒ። የአፄ በካፋ ወንድም ዮሐንስ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ድሮ ከአምባው ለማምለጥ ሲሞክሩ ተይዘው እጃቸው የተቆረጠ ሰው። አካሉ የጎደለ አይነግሥም የሚል ልማድ ነበር፣ ራስ ሚካኤል ሠራዊት ስለነበራቸው ልማዱ ለጊዜው ተረሳ። ሽማግሌው ዓመት እንኳ ሳይቆዩ ሞቱ፤ ዝመት ሲባሉ እምቢ ስላሉ በመርዝ ነው ይባላል። ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ተተካ። በአንድ ዓመት ሦስት ንጉሥ! ዘመነ መሳፍንት የምንለው ከዚያ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው፣ ቴዎድሮስ እስከነገሡበት እስከ 1855።

«ወህኒ እስር ቤት እንዳይመስላችሁ» አሉ ጋሼ። «የንጉሥ ጎተራ ነው። ጦር ያለው ሰው መጥቶ ሲቸግረው ይዝቃል።»

የእኔ ሦስተኛ መንገድ አለቀለት። ጆፍሪንና ቶመንን አምባ ላይ አስቀምጥ፤ ታይዊን ወይ ሊትልፊንገር ወይ ሌላ አንድ ጦር ያለው ሰው ከዓመት በኋላ ገደሉን ወጥቶ ትንሹን ያወርዳል፣ ዘውድ ይደፋለታል፣ እየተዋጋም በስሙ ይምላል። ቶመን ያኔም ምንም አያውቅም፣ ድመቱን ታቅፎ ይነግሣል። ሬንሊንም አሁን ሳስበው ሌላ ሰው መሰለኝ። መቶ ሰይፍ ይዤ ልርዳህ ብሎ በሌሊት የመጣ ሰው። ኔድ እሺ ቢለው ኖሮ የራሱን ራስ ሚካኤል ጠርቶ ቤቱ ማስገባቱ ነበር።

ማታ ተኝቼ ሳወጣ ሳወርድ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝና ብድግ አልኩ። ኔድ እኮ ወህኒ ነበረው! ቲዎን! የቲዎን አባት በሮበርት ላይ አምጾ ሲሸነፍ ኔድ ልጁን መያዣ አድርጎ ወደ ዊንተርፌል ወሰደው። ወደ አሥር ዓመት ገደማ ከልጆቹ ጋር አብልቶ፣ ቀስት አስተምሮ አሳደገው። የመያዣ ትርጉሙ ግልጽ ነው፣ አባትህ ዳግመኛ ካመጸ አንገትህ ይሄዳል ማለት ነው። እና ቢያምጽ ኖሮ ኔድ ይቆርጠው ነበር? ያን የሚያህል ሰይፉን አንሥቶ፣ ከሮብ ጋር አብሮ ሲስቅ የሚውለውን ልጅ? ተከታታዩ ይሄን ጥያቄ አንዴም አልጠየቀውም፤ አባትየው ዳግመኛ ያመጸው ኔድ ከሞተ በኋላ ነው። እኔ አይቆርጠውም ባይ ነኝ። ታይዊን ይቆርጠዋል፣ ሮበርት ሰክሮ ይቆርጠዋል፣ ስታኒስ ጥርሱን እያፋጨ ይቆርጠዋል። መያዣ የሚሠራው ያዡ ጨካኝ ሲሆን ነው። ስለዚህ ኔድ ሦስቱን ልጆች ቢይዛቸው እንኳ ታይዊን ውሎ አድሮ ይሄ ሰው አይገድላቸውም ብሎ ይደርስበት ነበር፣ ያኔ ደግሞ መያዣው መያዣ መሆኑ ይቀራል።

እና ሬንሊን እሺ የሚለው ኔድ የትኛው ኔድ ነው? እኔ የምለው አንድ ቃል ብቻ እንቀይር ነበር። ቃሉን ለመቀየር ግን ሰውዬውን መቀየር ሊኖርብኝ ነው። ወደ ኋላ ብትሄዱ እኮ ሁሉም ነገር ሕፃን ላይ ነው የሚያርፈው። ተከታታዩ በተሠራበት መጽሐፍ ላይ (የመጀመሪያው ቅጽ በ1996 ነው የወጣው) ሮበርት ዙፋኑን ሲይዝ የታይዊን ሰዎች የተሸነፈውን ልዑል የተገደሉ ልጆች በቀይ ካባ ጠቅልለው ፊቱ ያስቀምጡለታል፤ ኔድ ከጓደኛው ጋር ክፉኛ የተጣላው በዚያ ነው። ንጉሡ ባሕር ማዶ ያለችውን ነፍሰ ጡር የዚያን ልዑል እህት ዴኔሪስን አስገድላለሁ ሲል ኔድ የሹመት ምልክቱን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ወጣ። ትልቁ ደግሞ ጆን ስኖው ነው። እህቱ ከዚያው ልዑል የወለደችውን ልጅ የራሴ ዲቃላ ነው ብሎ አሳደገ። ለሮበርት ዋሸ፣ ለአገሩ ዋሸ፣ ልጁን ባየች ቁጥር አንጀቷ ለሚያርር ለገዛ ሚስቱ ዋሸ፣ ያውም ሳይነቃበት እስኪሞት። ሮበርት ቢሰማ ያን ሕፃን ምን እንደሚያደርገው ያውቃላ። ኔድ መዋሸት የማይችል የዋህ ነው ለሚሉ ሰዎች ይቺን ነው የምጠቅስላቸው። በዚያ ፊልም ውስጥ ምሥጢር መያዝ ሊያስተምረው የሚችል ሰው አልነበረም፣ ሊትልፊንገርን ጨምሮ።

እና ሰርሴን ልጆችሽን ይዘሽ ጥፊ ሲላት ያደረገው ያንኑ ነው፣ ያው ለጆን ያደረገውን። ልዩነቱ ጆን የእህቱ ልጅ ነበር፣ እነዚህ የጠላቱ ልጆች ናቸው።

ይሄን ጠዋት ለወንድሜ ስነግረው አልተበገረም። «ታዲያ በመጨረሻስ?» አለኝ። በመጨረሻ ያለው ያንን ዘጠነኛውን ክፍል ነው። ኔድ ሕዝብ ፊት ወጥቶ ከሃዲ ነኝ፣ ጆፍሪ እውነተኛው ንጉሥ ነው ብሎ በገዛ አንደበቱ የዋሸበት፣ ስሙን ጭቃ ውስጥ የጣለበት። ለሴት ልጆቹ ሲል። እኛ አገር «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እንላለን፣ በኩራትም እንላለን፣ ሽማግሌ ሲያስታርቅ እንኳ ይጠቅሳታል። ኔድ ያን ዕለት ገለበጣት። የወለዳቸው እንዳይጠፉ የተናገረውን አጠፋ። እውነቱን ለመናገር ዘጠነኛውን ክፍል ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳየው ያስለቀሰኝ ሰይፉ አይደለም። ሰይፉን አውቀዋለሁ፣ አሥረኛውን አይቻለሁ። ያስለቀሰኝ ያ ኩሩ ሰው አፉን ከፍቶ እየዋሸ ዓይኑ ሕዝቡ ውስጥ ልጁን ሲፈልግ ነው።

«ሞኝ ነው» አለ ወንድሜ። ግን የመቅደድ ምልክቱን አላሳየም።

ጋሼ በነጋታው ደጅ አግኝተውኝ ያቺኑ ጥያቄ ቀጠሉ። ነገሩ እያብሰለሰላቸው ነው መሰለኝ። «እነዚያ ሦስቱ ልጆች መጨረሻቸው ምን ሆነ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ትልቁ በሠርጉ ቀን በመርዝ፣ ልጅቷ መርከብ ላይ በመርዝ፣ ትንሹ ደግሞ ነግሦ ሚስቱ ከሞተችበት በኋላ በመስኮት ራሱን ወርውሮ። አንዳቸውም አልተረፉም።

ዝም አሉ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ኢዮአስ ሲገደል ምንትዋብ ገና በሕይወት እንደነበሩ፣ የልጅ ልጃቸውን እንደቀበሩ ነገሩኝ። ከዚያ ሌላ ምንም ሳይሉ በሩ ጋ ከደረሱ በኋላ ዘወር ብለው፣ «ይሄን ፊልም በፍላሽ ብታመጣልኝ፣ ልጆቹ ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰኩልኛል» አሉ።

እሺ ጋሼ አልኩ። እሺ ካልኩ በኋላ ነው የደነገጥኩት። ፊልሙን ያየ ያውቀዋል፣ ብቻችሁን በር ዘግታችሁ እንኳ አንዳንዱ ቦታ ላይ ድምፁን የምትቀንሱበት ነገር ነው። እሳቸው ደግሞ ሳሎን ተቀምጠው፣ ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋር፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሊያዩት ነው። እስካሁን ሦስት ጊዜ ጠይቀውኛል፣ ሦስት ጊዜ ፍላሽ ጠፍቶብኝ ነው ብያለሁ። ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ አንደኛውን ሲዝን እየደጋገምኩ የትኛው ክፍል ለሳሎን እንደሚሆን መረጥኩ። ዘጠነኛውን ጫንኩ፣ እንደሚከፈትም ሁለቴ አረጋገጥኩ። ሌሎቹን ከጠየቁኝ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ልላቸው ነው።